ባለ አምፖል ራዲዮና የጠፋችው ማዞሪያ፦ ስለ መለዋወጫ ሥራ የተደረገ ረጅም ክርክር

በኢንተርኔት መድረካችን ላይ የወጣው ጥያቄ ቀላል ይመስል ነበር። አንድ የአዲስ አበባ ወጣት ከአጎቱ ቤት አሮጌ ፊሊፕስ ራዲዮ ደርሶታል። ባለ አምፖል ነው፣ በትራንዚስተር ፋንታ በሚሞቁ የብርጭቆ ቱቦዎች የሚሠራ፤ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ አካባቢ የተሠራ። የባክላይት፣ ማለትም የድሮው ጠንካራ ፕላስቲክ፣ ቡናማ ሳጥኑ ደህና ነው፣ ስንጥቅ የለበትም። ግን ከሁለቱ ማዞሪያዎች አንዷ የለችም። ሞገድ ከሚመርጡት ተጫኝ ቁልፎች አንዱ ተሰብሯል። የጣቢያውን መርፌ የሚጎትተው ክር ተበጥሷል። የኋላ ክዳኑም የት እንደገባ አይታወቅም።

ወጣቱ እነዚህን እንዴት እንደሚተካ ጠየቀ፤ ከጥያቄው ጋርም አንድ አባባል ጣል አደረገ። በዚህ ዘመን ስሪዲ ፕሪንተር (ፕላስቲክ እየደራረበ ዕቃ የሚሠራ ማሽን) ያገኘ ሰው መለዋወጫ ፍለጋ መንከራተት የለበትም፣ ከአምፖሎቹ በቀር ሁሉም ነገር ይታተማል የሚል። ጉዱን ያመጣችው ይቺ አባባል ናት። መልሶቹን እንደ ተራቸው በራሴ አነጋገር አወራችኋለሁ። ሁሉም እኩል ቦታ አይገባቸውም።

ቁጥር 1። መጀመሪያ የገቡት አዳማ የሚኖሩ አንጋፋ የራዲዮ ጠጋኝ ናቸው። ልጄ እያሉ ነው የጻፉለት። እንኳን ደስ ያለህ ካሉት በኋላ ራዲዮውን ለጊዜው ሶኬት ላይ እንዳይሰካ ለመኑት። ቀጥለው አምፖሎቹ ላይ የተጻፈውንና የሞዴሉን ቁጥር እንዲልክላቸው ጠየቁ። በተለይ የሞዴሉ የመጨረሻ የላቲን ፊደል ኤ ይሁን ዩ ማወቅ ፈልገዋል። ለምን እንደሆነ አላብራሩም። ከእሳቸው በኋላ የጻፈው ሁሉ ይቺን ጥያቄ ዘሎ አለፋት።

ቁጥር 2። ፕሪንተር ያለው አንድ ልጅ በማተሙ ሐሳብ ይስማማል፤ ፕላስቲኩን ግን ምረጥ ባይ ነው። ብዙ ሰው የሚያትምበት ፒኤልኤ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ይለሰልሳል። ራዲዮ ውስጥ ደግሞ እሳት አለ። ድምፅ የሚያወጣው ትልቁ አምፖል ብርጭቆ ውሃ ከሚፈላበት በላይ ይግላል። ስለዚህ ወደ ውስጥ ለሚገባ ነገር እስከ 100 ዲግሪ አካባቢ የሚችለውን ኤቢኤስ መከረ። ለውጭ ማዞሪያ ፒኤልኤም አይከፋም አለ፤ በብርጭቆ ወረቀት አልስልሶ ቀለም መቀባት ነው። ስለ ተሰበረው ቁልፍ የሰጠው ምክር ግን ከሁሉም የተሻለ ነበር። ቁልፉ በጎኑ ተኝቶ ካልታተመ ንብርብሮቹ በጣት ግፊት ይላቀቃሉ።

ቁጥር 3። መርካቶ ምናለሽ ተራ አካባቢ ቶርኖ (ብረት እያሽከረከረ የሚቆርጥ ማሽን) ያለው ሰው መጣ። ለአንዲት ማዞሪያ ኮምፒውተር መክፈት ምን የሚሉት ነው ሲል ተሳለቀ። ልጁ የቀረችውን ማዞሪያ ይዞለት ከመጣ ከናስ ዘንግ ቆርጦ፣ ጠርዟን ጥርስ አውጥቶ፣ ወርቅ እስክትመስል ወልውሎ እንደሚሰጠው ቃል ገባ። ዘንጉ ሳይለካ ግን ምንም እንዳይሠራ አሳሰበ። የአውሮፓ ራዲዮዎች የማዞሪያ ዘንግ ውፍረት 6 ሚሊ ሜትር ነው። የአሜሪካኖቹና የእንግሊዞቹ ሩብ ኢንች ነው፤ 6.35 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ልዩነቷ በዓይን አትለይም። ባለ 6ቷን ማዞሪያ ባለ ሩብ ኢንቹ ዘንግ ላይ በጉልበት የከተተ ሰው ግን ለሁለት ይሰነጥቃታል። ከዚህ በፊት የሠራትን አንዲት የናስ ማዞሪያ በፎቶ አሳየ። እውነትም ታምር ነበር። የአውራ ጣት መዓት ዘነበለት።

ቁጥር 4። ጀርመን አገር የጥርስ ቴክኒሺያን የሆነች እህት ሦስተኛ መንገድ ይዛ መጣች፤ በፎርማ ማፍሰስ። የቀረችው ማዞሪያ በደንብ ታጥባ ብርጭቆ ላይ ትለጠፋለች። ዙሪያዋ ይታጠራል። ፈሳሽ ሲሊኮን ከአንድ ጥግ በቀጭኑ ይፈስባታል፤ በቀጭኑ ሲፈስ አየር አይይዝም። ሲሊኮኑ ሲረጋ ማዞሪያዋ ትወጣለች፣ ቦታዋ ይቀራል። ያ ቦታ ቀለም በገባበት ሬዚን (ፈስሶ የሚጠነክር ፕላስቲክ) ይሞላል። በዚህ መንገድ የተሠራች ማዞሪያ ከእናቷ አትለይም፤ በጥርስ የተቆረጠው ጠርዟ ሳይቀር ይገለበጣል። አንድ ወጥመድ እንዳለ ግን ነገረችን። በፕላቲነም የሚረጋው ሲሊኮን ድኝ ያለበት ነገር ከነካው አይረጋም። አንዳንድ የልጆች መጫወቻ ጭቃ ድኝ አለበት። ዙሪያውን በዚያ ያጠረ ሰው በማግስቱ ሙጫ የመሰለ ነገር ይጠብቀዋል።

ቁጥር 5። አንዱ አሮጌ የባክላይት ስብርባሪ አቅልጦ ማፍሰስ ይቻል እንደሆነ ጠየቀ።

ቁጥር 6። አይቻልም። የመለሰው የኬሚስትሪ መምህር ነው፤ ትንሽ አስተማሪነት አበዛ እንጂ የተናገረው ልክ ነው። ባክላይትን ቤልጂየም የተወለደው ሊዮ ቤክላንድ እ.ኤ.አ. በ1907 ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ ሠራው። ፌኖልና ፎርማልዲሃይድ በሙቀትና በግፊት አንድ ላይ ሲያያዙ የሚወጣ ነገር ነው። አንዴ ከጠነከረ በኋላ ቢያቃጥሉት ይከስላል እንጂ አይቀልጥም። መለያውንም ነገረን። ባክላይት በጨርቅ እስኪሞቅ ቢታሽ የፌኖል ሽታ ይሰጣል፤ የድሮ ሆስፒታል ወለል የሚሸተውን ዓይነት። ነጫጮቹ ተጫኝ ቁልፎች ግን ብዙ ጊዜ ፖሊስታይሪን ናቸው። ፖሊስታይሪን በአሴቶን ይሟሟል። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ይዞ ቁልፍ ሊያጸዳ የሚነሳ ሰው ቁልፉን ያጣል።

ቁጥር 7። አንድ ጎረምሳ የራዲዮውን ሆድ ባዶ አድርጎ ብሉቱዝ ስፒከር እንዲከትበት መከረ። አለቀ።

ቁጥር 8 እና 9። የወረደበት ውርጅብኝ ሌላ ነው። አንዱ የአያትህን ጋቢ ለመወልወያ እንደማድረግ ነው የሚል ነገር ጻፈበት። ሌላው ወደ ስድብ ስለገባ የመድረኩ ኃላፊ ጽሑፉን ቆረጠው። እኔ በበኩሌ ብሉቱዝ የሚከቱትን አልረግምም። ውስጡ ተዘርፎ ሳጥኑ ብቻ የቀረ ራዲዮ በየቤቱ አለ፤ ለእሱ ጥሩ ነው። ሁሉም አምፖሉ ያለበትን መበርበር ግን ያሳዝናል።

ቁጥር 10። ክሩን ያነሳችው ጎንደር ያደገች ሴት ናት። አባቷ ፒያሳ አካባቢ ራዲዮ ይጠግኑ ነበር። ለመርፌው የሚጠቀሙት ሰም የተቀባውን የጫማ ሰፊ ክር ነበር። አይሳብም፣ አያንሸራትትም፣ በየሰፈሩ ይገኛል። አሮጌው ክር ሳይፈታ በፊት መንገዱን በሲጋራ ካርቶን ጀርባ ይስሉት ነበር፤ የትኛዋን መዘውር በየት በኩል እንደሚዞር፣ የማዞሪያው ዘንግ ላይ ስንት ጊዜ እንደሚጠመጠም። ሥዕሎቹን ዛሬም አስቀምጣቸዋለች። ሥራው የሚጀመረው የጣቢያ መምረጫው ካፓሲተር (እርስ በርስ የሚገቡ የብረት ቅጠሎች ያሉት) ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ ነው። ዘንጉ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ዙር ይበቃል፤ ከበዛ ራሱን እየረገጠ ይጠላለፋል። መጨረሻ ላይ ቋጠሮው በጥፍር ቀለም ጠብታ ይታሰራል። የምትወጥረዋ ስፕሪንግ ከላላች ትቀየር እንጂ በፒንሳ እንዳትቆረጥ አደራ ብላለች።

ይህ መልስ ለልጁ በቀጥታ የሚጠቅም ነው። የተበጠሰው ክር በእጁ ነው፣ ጫማ ሰፊውም ደጁ ላይ ነው። ምንም ማተም አያስፈልገውም።

ቁጥር 11። የዓሣ ማጥመጃ ናይሎን አይሻልም ወይ ያለ ነበር። ሴትዮዋ ራሷ መለሰችለት። ናይሎን ከሰነበተ ይሳባል፣ መርፌውም ጣቢያውን ይስታል። የተጎነጎነው አዲሱ የዓሣ ክር ደግሞ አይሳብም፣ ግን ዘንጉ ላይ ይንሸራተታል።

ቁጥር 12። ጠያቂው ተመለሰ። ፎቶና ዝርዝር ይዟል። የሞዴሉ የመጨረሻ ፊደል ዩ ነው። አምፖሎቹ ዩሲሲ85፣ ዩሲኤች81፣ ዩኤፍ89፣ ዩኤቢሲ80፣ ዩኤል84 እና ዩዋይ85 ናቸው። ማዞሪያዋን ከናስ ለማሠራት እንደወሰነ፣ ለቅዳሜ ከባለ ቶርኖው ጋር እንደተቀጣጠረም ነገረን።

ቁጥር 13። የአዳማው አዛውንት በደቂቃዎች ውስጥ ደረሱ። በእኔ እምነት ከዚህ ሁሉ ወሬ አንድ መልስ ብቻ አንብብ ብባል የማነበው ይህን ነው።

ሁሉም አምፖሎች በዩ የሚጀምሩ ከሆነ ራዲዮው በኤሲም በዲሲም እንዲሠራ የተሠራ ነው። የመብራት ትራንስፎርመር የለውም። ሻንሲው፣ ማለትም ዕቃዎቹ የተተከሉበት የብረት መደብ፣ ከመሰኪያው አንዱ እግር ጋር የተያያዘ ነው። የኛ አገር መሰኪያ ደግሞ ተገልብጦም ይገባል። ዛሬ ኒውትራል የነበረው እግር ነገ ፌዝ፣ ማለትም መብራት የያዘው፣ ነው። ያኔ ሻንሲው በሙሉ 220 ቮልት ይዞ ተቀምጧል። እንደ ማጥፊያው አሠራር ራዲዮው ጠፍቶም ሊይዝ ይችላል።

የማዞሪያው ዘንግ ብረት ነው፤ ከሻንሲው ጋር ይገናኛል። በሰውየው ጣትና በመብራቱ መካከል ያለችው ያቺ ባክላይት ማዞሪያ ብቻ ናት። በናስ ስትተካ ጣቢያ ሊቀይር እጁን የሰደደ ሰው ፌዙን ጨበጠ ማለት ነው። የማዞሪያ ማሰሪያ ብሎንም እንደዚያው ነው። በእነዚህ ራዲዮዎች ላይ ብሎኗ በጥልቅ ትቀበርና ቀዳዳው በሰም ይደፈናል። ያለ ብሎን በግፊት ብቻ የሚገቡ ማዞሪያዎችም የተሠሩት በዚህ ምክንያት ነው። የሞዴሉ ፊደል ኤ ቢሆን ኖሮ ትራንስፎርመር ያለው ነበርና ይህ ሁሉ ስጋት ባልመጣ ነበር አሉ።

እስከዚህ ድረስ ሁላችንም የምንጨቃጨቀው ስለ መልክ ነበር። የትኛው ይበልጥ ኦሪጅናል ይመስላል፣ የትኛው ያምራል። የማዞሪያዋን ሥራ የጠየቀ አልነበረም።

ቁጥር 14። ባለ ቶርኖው ተቆጣ። ለስንቱ የናስ ማዞሪያ ሠርቶ አንድም ሰው ሞተ ሲባል እንዳልሰማ፣ በማያውቁት ሙያ ገብተው እንጀራውን እንደሚያሰናክሉበት ጻፈ። ክብር ለመስጠት አዛውንቱን አንቱ ማለቱን ግን አልተወም።

ቁጥር 15። ያላዋቂ ሳሚ ነህ ብሎ የዘለለበት አንድ ወጣት ኢንጂነር ነው። በአንተታ ነው የጀመረው። ፌዝና ኒውትራል ሳይለይ ሥራ የሚቀበል ሰው ቶርኖውን ይሽጥ ዓይነት ነገር ጨመረ። ነገሩ እውነት ቢሆንም አነጋገሩ የሚያስጠላ ነበር።

ቁጥር 16። አዛውንቱ ወጣቱን ገሠጹት። ጠባሳ የሌለው የራዲዮ ጠጋኝ አላውቅም፣ ማንም በአንድ ቀን አልተማረም ብለው ባለ ቶርኖውን ልጄ ሲሉ ጠሩት። ከናስ ፋንታ ከጥቁር ናይሎን ዘንግ እንዲቆርጥለት ጠየቁት። ናይሎን መብራት አያስተላልፍም፤ በቶርኖም ደህና ይቆረጣል። ከሬዚን የምትፈስ ማዞሪያም ትሆናለች፤ መሀሏ ላይ የናስ ቀለበት ከተቀበረ ግን ቀለበቱም ብሎኑም በየትም በኩል ወደ ውጭ ብቅ እንዳይሉ። ባለ ቶርኖው እሺ አለ። አጭር እሺ ነበረች፤ ግን አለ።

ቁጥር 17። ኢንጂነሩ ለዘብ ብሎ ተመለሰ። በልጁ ፎቶ ላይ አንድ የተሰነጠቀ ትልቅ ሬዚስተር (ከረንት የሚገድብ ዕቃ) አይቷል። ይሄኛው መታተም አይችልም፣ መቁጠር ነው የሚፈልገው። የስድስቱ አምፖሎች ማሞቂያ ክሮች በአንድ መስመር ተከታትለው የተያያዙ ናቸው። ሁሉም 100 ሚሊ አምፔር ይወስዳሉ። የሚፈልጉት ቮልት በዝርዝሩ ቅደም ተከተል 26፣ 19፣ 12.6፣ 28.5፣ 45 እና 38 ነው። ሲደመር 169 ይሆናል። ከ220 ላይ 51 ቮልት ይተርፋል። ያንን ትርፍ የሚበላው ይህ ሬዚስተር ነው። 51 ለ0.1 ሲካፈል 510 ኦም ይሆናል። 5 ዋት ያህል ሙቀት ያወጣል፤ ስለዚህ ቢያንስ ባለ 10 ዋት፣ የተሻለው ደግሞ ከዚያም የሚበልጥ ባለ ሽቦ ሴራሚክ ነው። በመስመሩ ላይ ሲሞቅ ከረንት የመገደብ አቅሙ የሚቀንስ ጥቁር ቴርሚስተር ካለ ደግሞ እንዳይጣል። ራዲዮው ሲበራ ክሮቹ ቀዝቃዛ ስለሆኑ ብዙ ከረንት ይስባሉ፤ እሱ ያንን ይገታል። ከስድስቱ የአንዱ ክር ከተቃጠለ ሁሉም ይጠፋሉ።

ቁጥር 18። አንዱ ሬዚስተሩን የሚይዝ ቆንጆ መደገፊያ ከፒኤልኤ አትሞ ሊልክ ፈቃደኛ ሆነ። ቁጥር 2 ላይ የጻፈው ልጅ በትዕግሥት መልሶ 60 ዲግሪን አስታወሰው።

ቁጥር 19። ስለ ካፓሲተሮች የጻፈው ለንደን የሚኖር ድምፅ ባለሙያ ነው። የካፓሲተር ሥራ ዲሲን አግዶ ድምፁን ማሳለፍ ነው። የድሮዎቹ በሰም የተነከረ ወረቀት ካፓሲተሮች ግን እርጥበት ይገባቸዋል፣ ይሾልካሉ። ከሁሉም አደገኛው ከዩኤቢሲ80 ወደ ዩኤል84 ድምፁን የሚያሻግረው ነው። እሱ ዲሲ ካሾለከ የዩኤል84 ግሪድ (የአምፖሉን ከረንት የሚቆጣጠረው ክፍል) ፖዘቲቭ ይሆናል። አምፖሉ ከልኩ በላይ ከረንት ይስባል፣ ይግላል። ቀጥሎ የስፒከሩ ትራንስፎርመር ይቃጠላል። ያንን ማስጠምጠም ከማዞሪያ ሥራ ጋር አይወዳደርም። መድኃኒቱ ባለ 630 ቮልት አዲስ ፊልም ካፓሲተር ነው። አንቴናውን ከሻንሲው የሚለየውን ካፓሲተር ደግሞ በማንኛውም አልቀይርም ብሏል፤ ዋይ የሚባለው የደኅንነት ዓይነት መሆን አለበት። እሱ ከሾለከ የአንቴና ሽቦው ራሱ ፌዝ ይዞ መስኮት ላይ ይንጠለጠላል።

ቁጥር 20። እዚህ ላይ ሁለተኛው ጠብ ተነሳ። የጥርስ ቴክኒሺያኗ የአሮጌውን ካፓሲተር ቀፎ መጣል እንደማይገባ ጻፈች። በፀጉር ማድረቂያ ይሞቃል፣ ሆዱ ይወጣል፣ አዲሱ ትንሽ ካፓሲተር ውስጡ ይገባል፣ ጫፎቹ በሰም ይዘጋሉ። ክዳኑን የከፈተ ሰው የፋብሪካ ነው ብሎ ያልፋል። ሌላ ሰው ደግሞ የጧፍ ሰም ከዚህ የተሻለ ቀለም እንዳለው ጨመረ።

ቁጥር 21። ኢንጂነሩ ይህ ማታለል ነው አለ። ነገ የሚጠግነው ሰው አሮጌ መስሎት አውጥቶ ይጥለዋል፤ ወይም ሻጭ ሁሉም ኦሪጅናል ነው ብሎ ዋጋ ይቆልልበታል። ቴክኒሺያኗም ዝም አላለችም። ጥርስ ስሠራም ሰው ሠራሽ ነው የሚል ጽሑፍ አልለጥፍበትም የሚል መንፈስ ያለው መልስ ሰጠችው። ሳቅ በሳቅ ሆንን።

ቁጥር 22 የእኔ ነው። ሁለቱም የሚስማሙበት መንገድ አለ። ቀፎውን ሙሉ፣ ግን ምን እንደተቀየረና መቼ እንደተቀየረ በእርሳስ ጽፋችሁ ወረቀቱን ሳጥኑ ውስጥ ለጥፉ። የአምፖሎቹ ሙቀት የማይደርስበት የታችኛው ጥግ ይሻላል። እርሳስ አይደበዝዝም፤ የእስክሪብቶ ቀለም ግን ይነጣል። ገዢም ጠጋኝም ያነበዋል። የሚደብቅ ሰው ወረቀት ቢኖርም ይደብቃል።

ቁጥር 23። የኋላ ክዳኑን ያስታወሰ ሰው በመጨረሻ ተገኘ። የማዞሪያዋ ታሪክ እዚህም አለ፤ ክዳኑ ልጅ እጁን ከቶ ሻንሲውን እንዳይነካ የሚከለክል ነው። ስለዚህ ከላሜራ አይሠራም። 3 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ (ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ የሚሠራ ጣውላ) ወይም ጠንካራ ካርቶን ይበቃል። ማስታወቂያ የሚሠሩ ቤቶች በሌዘር ይቆርጡታል። የአየር ቀዳዳዎቹ ከዩኤል84 እና ከትልቁ ሬዚስተር ፊት ለፊት ይብዙ፤ ጣት እንዳያስገቡ ግን ይጥበቡ። ያየሁት ምርጥ ምክር ደግሞ ይህ ነው፦ የመብራት ገመዱ መሰኪያ ክዳኑ ላይ ይታሰር፤ ክዳኑ ሲነሳ መብራቱም አብሮ ይነቀል። ብዙ የድሮ ራዲዮዎች እንዲህ ነበሩ።

ከቁጥር 24 እስከ 27 ያለው ከርዕሱ ወጥቷል፤ ግን አስደሳች ነው። አንዱ ይህ ራዲዮ ሸገርን ይይዛል ወይ ብሎ ጠየቀ። ጥሩ ጥያቄ ናት። የዚያን ጊዜ የአውሮፓ ራዲዮዎች የኤፍኤም ሰሌዳ ብዙውን ጊዜ ከ87.5 ተነስቶ 100 ሜጋኸርዝ ላይ ያበቃል። ኤፍኤም አዲስ 97.1 እና ፋና 98.1 ይገባሉ። ሸገር 102.1 ከሰሌዳው ውጭ ነው። የለንደኑ ሰው የዩሲሲ85ን ማስተካከያ በጥቂቱ በማዞር ሸገርን ወደ ውስጥ ማስገባት እንደሚቻል ነገረን። ያኔ ግን መስታወቱ ላይ የተጻፈው ቁጥር በሙሉ ይዋሻል። የጎንደሯ ሴት ይዋሽ አለች፤ ቅዳሜ ከሰዓት ያለ ሸገር ምን ራዲዮ አለ ዓይነት ነገር። አዛውንቱ ደግሞ ወደ ኋላ ሄደው፣ እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1977 ከአዲስ አበባ ይተላለፍ የነበረውን ብሥራተ ወንጌልን እንዲህ ባለ ራዲዮ ያዳምጡ እንደነበር አወሩ። የመስታወቱን ቁጥሮች ማንም በእርጥብ ጨርቅ እንዳይነካ አሳሰቡ። ጽሑፉ ከጀርባ የታተመ ቀለም ነው፤ ከላቀቀ አይመለስም።

ቁጥር 28። የመጀመሪያዋን አባባል ያልረሳ ሰው ነበር። አምፖል እቤት አይሠራም ማን አለ ብሎ ፈረንሳዊውን የራዲዮ አማተር ክሎድ ፓያርን አነሳ። ፓያር በራሱ ወርክሾፕ ብርጭቆውን በእሳት እያለሰለሰ፣ ክሩን እየወጠረ፣ አየሩን በፓምፕ እያወጣ ትሪዮድ የሚባለውን ባለ ሦስት ክፍል ቀላል አምፖል ሲሠራ የሚያሳይ ቪዲዮ አለው። ያየሁት ሰው ነኝና ልመስክር፤ እጅ የሚያስነክስ ሥራ ነው። ግን ትሪዮድ ነው። ዩሲኤች81 ሁለት አምፖል በአንድ ብርጭቆ ውስጥ የያዘ ነው፤ እሱን እቤት የሚሞክር ሰው አላየሁም። ለጊታር ማጉያ የሚፈለገው ኢኤል84 ዛሬም በፋብሪካ ይመረታል። የልጁ ዩ አምፖሎች ግን ከድሮ ክምችት ነው የሚገኙት።

ቁጥር 29። ጠያቂው አመሰገነ። ማዞሪያዋ ከጥቁር ናይሎን፣ ቁልፉ ከኤቢኤስ፣ ክሩ ከጫማ ሰፊ፣ ክዳኑ ከኤምዲኤፍ እንዲሆን ወስኗል። ሁሉም ነገር ይታተማል ያለውን አላነሳም፤ ማንም አልጠየቀውም።

ቁጥር 30። ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ሰው ከሰፈር ሽያጭ ትንሽ የአሜሪካ ራዲዮ ገዝቷል። ለገና ለእናቱ ሊልክላት ነው። አምስት አምፖሎች አሉት፤ 12ቢኢ6፣ 12ቢኤ6፣ 12ኤቪ6፣ 50ሲ5 እና 35ደብሊው4። መጀመሪያ ላይ ያለው ቁጥር የማሞቂያውን ቮልት በግርድፉ ይነግራል፤ ድምሩ 121 ነው። ያለ ትራንስፎርመር በቀጥታ በአሜሪካ የ120 ቮልት መብራት ላይ ይሠራል ማለት ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ ቮልት መቀነሻ ገዝተው እንዲሰኩላት አስቧል።

ቁጥር 31። አዛውንቱ በዚህ አልተስማሙም። ሱቅ ላይ የሚሸጠው መቀነሻ ብዙ ጊዜ አንድ ጥምጥም ብቻ ነው ያለው። ቮልቱን ይቀንሳል እንጂ ራዲዮውን ከመብራቱ አይለይም። ሻንሲው አሁንም ፌዝ ሊይዝ ይችላል። ለእናትየውም ለጠያቂው ልጅም የሚያስፈልገው ሁለት የተለያዩ ጥምጥሞች ያሉት መለያ ትራንስፎርመር ነው። ለልጁ ከ220 ወደ 220፣ ለሜሪላንዱ ከ220 ወደ 120። 100 ቮልት አምፔር ለሁለቱም ከበቂ በላይ ነው። በአንድ መለያ ላይ አንድ ራዲዮ ብቻ ይሰካ፤ ሁለት ከተሰኩ ሁለቱ ሻንሲዎች እርስ በርስ አደጋ ይፈጥራሉ።

ቁጥር 32። የት እንደሚሠራ የመለሰው ባለ ቶርኖው ነው። ሱቁ አጠገብ ሞተር የሚጠመጥሙ ልጆች አሉ። የሞተ ስታብላይዘር ይዞ የመጣ ሰው የብረቱን ዋጋ ይድናል፤ አሮጌውን ሽቦ ፈትተው በዚያው ብረት ላይ ሁለቱን ጥምጥም ለየብቻ፣ መሀላቸውን በወፍራም መለያ ወረቀት ሸፍነው ይሠሩታል። ልጁ ቅዳሜ ለማዞሪያዋ ሲመጣ ስታብላይዘር ካለው አብሮ ይያዝ ብሏል።